ፒኤችፒና ፓይተንን በአንድ ድረ ገጽ ማሠራት፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

በፒኤችፒ የተሠራ ድረ ገጽ አላችሁ። ለዓመታት ያለ ብዙ ችግር ሠርቷል። አንድ ቀን ደንበኛው ይመጣና «ሰዎች የሚጭኑትን ሰነድ ሲስተሙ ራሱ ያንብበው» ይላል። ወይም «የሚቀጥለውን ወር ሽያጭ ይገምትልኝ» ይላል። ፍለጋ ስትገቡ የምታገኙት ምሳሌ ሁሉ በፓይተን ነው። ላይብረሪው (የተዘጋጀው የኮድ ስብስብ) በፓይተን፣ ቪዲዮው በፓይተን፣ የጓደኛ ምክሩም በፓይተን።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ «ኤክሴክ ብለህ ጥራው፣ አለቀ» ይላል (ኤክሴክ ከፒኤችፒ ውጭ ያለ ፕሮግራም የሚያስነሳ ፈንክሽን ነው)። ሌላው ማይክሮሰርቪስ (ለብቻው የሚሠራ ትንሽ አገልግሎት) ካልሆነ እንዳትነኩት ያስጠነቅቃል። ሦስተኛው ሁሉንም አፍርሳችሁ በፓይተኑ ፍሬምወርክ በጃንጎ እንድትጽፉት ይመክራል። ሦስቱም የሚናገሩት ከራሳቸው ሰርቨርና ከራሳቸው በጀት ተነስተው ነው።

ሁለቱ ቋንቋዎች አብረው ይሠራሉ ወይ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ይሠራሉ። ራስ ምታት የሚሆነው መገናኛው ነው። ማን ማንን ይጠብቃል? አንዱ ሲወድቅ ሌላው ምን ያደርጋል? ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ቋንቋዎቹን ሳይሆን የሚገናኙባቸውን መንገዶች ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በፒኤችፒው ፍሬምወርክ በላራቬል የተሠራ የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ እናስብ። አመልካቾች የትምህርት ማስረጃቸውንና የሥራ ልምድ ደብዳቤያቸውን በስልክ ፎቶ አንስተው ይጭናሉ። ቀጣሪው በአማርኛ ቃል ፈልጎ እንዲያገኛቸው ጽሑፉ ከፎቶው ላይ መነበብ አለበት።

መጀመሪያ መስፈርቶቹ

ጊዜ። ሥራው ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ተጠቃሚውስ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ መጠበቅ አለበት? ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። በግማሽ ሰከንድ የሚያልቅ ሥራና 40 ሰከንድ የሚወስድ ሥራ አንድ ዓይነት መገናኛ አይፈልጉም።

ሆስቲንግ። ሼርድ ሆስቲንግ (ብዙ ድረ ገጾች የሚጋሩት ሰርቨር) ላይ ብዙ ጊዜ ኤክሴክና መሰሎቹ ለደኅንነት ሲባል ተዘግተዋል። ሳይቋረጥ የሚሠራ ፕሮግራም ማስቀመጥም ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። ቪፒኤስ (እናንተ ብቻ የምታዙበት ቨርቹዋል ሰርቨር) ይህን ሁሉ ይፈታል፤ ግን ከውጭ ከተገዛ ክፍያው በዶላር ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ በየወሩ በዶላር የሚከፈል ሂሳብ ለትንሽ ድርጅት ቀልድ አይደለም።

ብዛት። በቀን 20 ሰነድ ነው ወይስ በደቂቃ 200?

ውድቀት። ፓይተኑ ሲበላሽ ምን ይሆናል? ገጹ አብሮ ይወድቃል? ሥራው ይጠፋል? ወይስ ዝም ብሎ ይጠብቃል?

ጠጋኝ። ሁለት ቋንቋ ማለት ሁለት የላይብረሪ ዝርዝር፣ ሁለት ዓይነት አፕዴት፣ ሁለት ቦታ የሚታይ ሎግ ነው። የፓይተኑን ክፍል የጻፈው ልጅ ሥራ ሲቀይር የሚረከበው ማነው?

ደኅንነትን ለብቻው መስፈርት አላደረግኩትም። በየመንገዱ የሚመጣበት በር ስለሚለያይ እዚያው እናየዋለን።

ከሁሉ በፊት፦ ፓይተን የግድ ነው?

ይህን ጥያቄ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። የዘመን አቆጣጠር ለመለወጥ ብቻ ፓይተን ማስገባት ትርፉ ድካም ነው። የፒኤችፒ ኢንትል ኤክስቴንሽን የኢትዮጵያን ካላንደር ከነጳጉሜው ያውቃል። ብራውዘር ውስጥ ያለው ጃቫስክሪፕትም ያውቃል። ኤክሴል ፋይል ማንበብና መጻፍም በፒኤችፒ በሚገባ ይሠራል።

የእኛን ምሳሌ እንይ። ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነበው ቴሰራክት በብዙ ሰው አእምሮ የፓይተን ነገር ነው። አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤችፒ ኩባንያ ውስጥ የተጀመረ፣ ኮዱ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሁሉም የተከፈተ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። ለአማርኛም ለትግርኛም የተዘጋጀ የቋንቋ ፋይል አለው። ፓይተን ላይ በብዛት የምናየው ላይብረሪ ይህንኑ ፕሮግራም ከጀርባ የሚጠራ ስስ ሽፋን ነው። ሰነዱ በስካነር የገባ ንጹሕ ገጽ ከሆነ ፒኤችፒ ራሱ ቴሰራክትን መጥራት ይችላል። ፓይተን መሐል መግባት የለበትም።

ግን የእኛ አመልካቾች ስካነር የላቸውም። ፎቶው ዘመም ብሏል። የስልኩ ጥላ ግማሹን ገጽ ሸፍኗል። ክብ ማኅተሙ ፊደሉ ላይ ወጥቷል። ይህን ቀጥ ማድረግ፣ ጥላውን ማንሳት፣ ቀለሙን መለየት ኦፕን ሲቪ የሚባለው የምስል ላይብረሪ ሥራ ነው። ኦፕን ሲቪ ደግሞ በፓይተን ሲሠራ ቀላል ነው፤ በፒኤችፒ ግን አበሳ ነው። ስለዚህ በዚህ ምሳሌ ፓይተን ቦታው ይገባዋል።

ሁሉንም ወደ ጃንጎ ማዛወርስ? ድረ ገጹ ገና ትንሽ ከሆነና ሠሪዎቹ ከፒኤችፒ ይልቅ ፓይተን የሚቀናቸው ከሆነ ያስኬዳል። አለዚያ ለአንድ አገልግሎት ብሎ የክፍያውን፣ የአድሚኑን ገጽና በዓመታት የተለቀሙትን ትንንሽ ጥገናዎች ሁሉ እንደገና መጻፍ ነው። አልመክርም።

አንደኛው መንገድ፦ በትእዛዝ መጥራት

ፒኤችፒ የፓይተኑን ስክሪፕት በትእዛዝ መስመር ያስነሳል። እስኪጨርስ ይጠብቃል። የታተመውን ውጤት ያነባል። በኤክሴክ ወይም በፕሮክ ኦፕን ይሠራል፤ ላራቬልም ለዚሁ የተዘጋጀ የራሱ መንገድ አለው። በግማሽ ቀን ተጽፎ ያልቃል። ሁሉም ሰው ከዚህ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ዋጋው በኋላ ይመጣል። ፓይተን በእያንዳንዱ ጥሪ ከዜሮ ይነሳል። ከባድ ላይብረሪ ወይም ሞዴል ካለው ያን ሁሉ በየጥሪው እንደ አዲስ ይጭናል። ሥራው ራሱ አጭር ሆኖ መነሻው ሊረዝም ይችላል።

ቀጥሎ የጊዜ ገደብ አለ። የፒኤችፒ ገደብ በነባሪ 30 ሰከንድ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ግን ውጭ ያለ ፕሮግራም የሚፈጀው ጊዜ ከዚህ አይቆጠርም። ስለዚህ ፒኤችፒ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ዌብ ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስ ግን አይጠብቅም፤ በነባሪ 60 ሰከንድ ምላሽ ካጣ 504 የሚል ስህተት ያወጣል። ፓይተኑ ይህን አያውቅም፤ ከጀርባ መሥራቱን ይቀጥላል። አመልካቹ የተበላሸ መስሎት እንደገና ይጭናል። አሁን ሁለት ፓይተን እየሠራ ነው። የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ሲደርስ 10 ሰው በአንድ ጊዜ ቢጭን 10 ፓይተን ይነሳል። 1 ጊጋ ሚሞሪ ያለው ቪፒኤስ ይህን አይችልም። ሚሞሪ ሲያልቅ ሊኑክስ ቦታ ለማስለቀቅ አንድ ፕሮሰስ ይገድላል። የሚመርጠው ብዙ ሚሞሪ የያዘውን ስለሆነ ተረኛው ዳታቤዙ ማይ ኤስኪውኤል ሊሆን ይችላል። ያኔ አንድ ፎቶ ለማንበብ ብሎ ድረ ገጹ በሙሉ ቀጥ አለ ማለት ነው።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ደግሞ የተለየ ወጥመድ አለ። ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ስህተት ሳያሳይ ነው የሚያጠፋው። አመልካቿ ፋይሉን «የአልማዝ ዲግሪ» ብላ ሰይማዋለች እንበል። ፕሮግራመሩ ጥንቁቅ ነው፤ ስሙን ወደ ትእዛዙ ከማስገባቱ በፊት ኢስኬፕ ሼል አርግ በሚባለው የፒኤችፒ ፈንክሽን ያሳልፈዋል። ይህ ማንም እንዳያጭበረብር የሚደረግ ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ፈንክሽኑ የሚሠራው ፒኤችፒው በተነሳበት ሎኬል (የቋንቋና የፊደል ቅንብር) ነው። ከዌብ ሰርቨሩ ሥር የሚሠራው ፒኤችፒ፣ በተለይ የቆየ ስሪት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ «ሲ» በሚባለው ጥንታዊ ሎኬል ላይ ነው። እዚያ ላይ የግዕዝ ፊደሎች ዝም ተብለው ይወገዳሉ። ከስሙ የሚቀረው ባዶ ቦታና የፋይሉ ዓይነት ብቻ ነው። ፓይተን «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል።

ይባስ ብሎ ፕሮግራመሩ ያንኑ በተርሚናል ሲሞክረው ሊሠራ ይችላል። የእሱ ተርሚናል የግዕዝን ፊደል በሚያውቀው ዩቲኤፍ-8 ተዘጋጅቷላ! ሎኬሉን ማስተካከል አንድ መፍትሔ ነው። የተሻለው ግን የተጠቃሚን ስም ጭራሽ ወደ ትእዛዝ መስመር አለማስገባት ነው። ፋይሉን በቁጥር አስቀምጡት፤ ለፓይተን የምትሰጡት ቁጥሩን ብቻ ይሁን። ረዘም ያለ መረጃ ካለ በመደበኛው ግቤት (ስታንዳርድ ኢንፑት) በኩል ጄሰን በሚባለው የመረጃ አጻጻፍ ስጡት። ክፉ አሳቢ በፋይል ስም ውስጥ ትእዛዝ ደብቆ የሚያስገባበት በርም አብሮ ይዘጋል።

ዊንዶውስ ላይ በዛምፕ (ፒኤችፒን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ በሚያስነሳው ጥቅል) የምትሠሩ ደግሞ ሌላ ይጠብቃችኋል። በብዛት ሥራ ላይ ያሉት የፓይተን ስሪቶች ዊንዶውስ ላይ ውጤታቸውን ለሌላ ፕሮግራም ሲያስተላልፉ በነባሪ ዩቲኤፍ-8ን አይጠቀሙም። የመጀመሪያው የግዕዝ ፊደል ላይ በኢንኮዲንግ ስህተት ይቆማሉ። ፓይተንን በዩቲኤፍ-8 ሞድ ማስነሳት ይበቃል።

እንግዲህ ይህ መንገድ ለማን ነው? አድሚኑ በቀን አንዴ ለሚጫነው ቁልፍ። ለወር መጨረሻ ሪፖርት። ጥቂት ሰው ለሚጠቀምበት የውስጥ ሥርዓት። ለሕዝብ ክፍት የሆነ የመጫኛ ገጽ ላይ አታድርጉት።

ሁለተኛው መንገድ፦ የወረፋ ሰንጠረዥ

ይህ መንገድ ብዙም አይወራለትም። አዲስ ነገር የለውም። ግን ለአብዛኛው ትንሽና መካከለኛ ድረ ገጽ የምመርጠው ይህን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አመልካቹ ሰነዱን ይጭናል። ፒኤችፒ ፋይሉን ያስቀምጥና ዳታቤዙ ውስጥ አንድ መስመር ይጽፋል፦ የፋይሉ ቁጥር፣ ሁኔታው «ይጠብቃል»፣ የገባበት ሰዓት። ከዚያ ወዲያው «ሰነድዎ ደርሶናል» ብሎ ይመልሳል። በሌላ በኩል ክሮን ጆብ፣ በተወሰነ ሰዓት ፕሮግራም የሚያስነሳው የሊኑክስ መሣሪያ፣ በየደቂቃው ፓይተንን ይቀሰቅሳል። ፓይተን የሚጠብቁትን መስመሮች ያነሳል፣ «ተጀምሯል» ይላል፣ ፎቶውን ያጸዳል፣ ያነባል፣ ጽሑፉን ይጽፋል፣ «አልቋል» ብሎ ይዘጋል። ካልቻለ ምክንያቱን ጽፎ የሙከራውን ቁጥር ይጨምራል። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት «አልተሳካም» ብሎ ይተወዋል፤ ሰው ያየዋል።

ሁለቱ ቋንቋዎች እርስ በርስ አይተዋወቁም። የሚያውቁት ሰንጠረዡን ብቻ ነው። ፓይተኑ ሌሊቱን ሙሉ ቢበላሽ አመልካቾች አይሰሙም። ጠዋት ሲጠገን ከቆመበት ይቀጥላል፤ የጠፋ ሥራ የለም። አለቃው «ስንት ቀረ?» ሲል በአንድ መስመር ጥያቄ ዳታቤዙ ይመልሳል። አዲስ የሚረከበው ሰውም ሰንጠረዡን አይቶ ነገሩን ይረዳል።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ቦታዎች ግን አሉ። ሥራው ከአንድ ደቂቃ በላይ ከወሰደ የመጀመሪያው ሳይጨርስ ሁለተኛው ፓይተን ይነሳና ያንኑ ሰነድ ሊያነሳ ይችላል። ሊኑክስ ላይ ኤፍሎክ የሚባለው ትንሽ ትእዛዝ ሁለተኛውን በር ላይ ያስቀረዋል። ብዙ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ከተፈለገ ማይ ኤስኪውኤል 8 እና ፖስትግሬስ ስኪፕ ሎክድ የሚባል ነገር አላቸው፤ አንዱ የያዘውን መስመር ሌላው ዘሎ ያልፋል።

መብራት ሄዶ ወይም ሰርቨሩ ጠፍቶ ዳግም ተነስቶ ሥራው መሐል ላይ ከተቋረጠስ? መስመሩ «ተጀምሯል» እንዳለ ለዘላለም ይቀራል። ስለዚህ የተጀመረበትን ሰዓት መዝግቡ፤ 10 ደቂቃ ያለፈው ካለ ወደ «ይጠብቃል» ይመለስ። ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው። ምልክቱም አንድ ነው፦ «የአንዳንድ ሰው ሰነድ አይነበብም፣ ለምን እንደሆነ አይታወቅም»።

ሌላው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። አንድ ሰንጠረዥ ሁለት ጌታ ካለው የፒኤችፒው ወገን አንድ ቀን የአምዱን ስም ይቀይርና ፓይተኑ ይሰበራል። ለፓይተን የራሱን የዳታቤዝ ተጠቃሚ ክፈቱለት፤ ፈቃዱም በዚያች አንድ ሰንጠረዥ ላይ ብቻ ይሁን። ስህተት ቢሠራ እንኳ የክፍያውን መዝገብ አይነካም።

ጉድለቱ መዘግየት ነው። ክሮን ከአንድ ደቂቃ በታች አይወርድም። ለእኛ ምሳሌ ይህ ምንም አይደለም፤ ቀጣሪው በዚያች ደቂቃ ውስጥ ያንን ሰነድ አይፈልግም። ደቂቃው ከበዛ ሬዲስን፣ ፈጣኑን የዳታ ማከማቻ፣ መሐል ማስገባት ይቻላል፤ ፓይተን ሳይተኛ ይጠብቃል፣ ቁጥር ሲደርሰው ወዲያው ይነሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የላራቬል የራሱ ወረፋ ሥራውን የሚያስቀምጠው በፒኤችፒ አቀማመጥ የታሸገ ነገር አድርጎ ነው፤ ፓይተን ያንን እፈታለሁ ብሎ መታገል የለበትም። ለብቻው ዝርዝር ከፍታችሁ ቁጥሩን ብቻ በቀላል ጄሰን ላኩ። ዋናው መዝገብ ግን ዳታቤዙ ውስጥ ይቆይ። ሬዲስ የሚኖረው በሚሞሪ ነውና ሰርቨሩ ጠፍቶ ዳግም ሲነሳ የመጨረሻዎቹ ሥራዎች ሊጠፉ ይችላሉ።

ሼርድ ሆስቲንግ ያላችሁ ሰዎች ይህ መንገድ ለእናንተም ክፍት ሊሆን ይችላል። የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ሲፓናል ላይ ክሮን በብዛት ይገኛል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ፓይተን 3 አለ ወይ? ቴሰራክትን መጫን ይቻላል ወይ? ሁለተኛው ላይ መልሱ ብዙ ጊዜ አይቻልም ነው። ያኔ አንድ መላ አለ። ፓይተኑን ቢሮ ባለ ኮምፒውተር ላይ ታስቀምጡትና ሥራውን ከድረ ገጹ ላይ ጠይቆ፣ ሠርቶ፣ መልሶ ይልካል። መብራትና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሰነዱ ወረፋ ላይ ይጠብቃል እንጂ አይጠፋም።

ሦስተኛው መንገድ፦ ራሱን የቻለ አገልግሎት

እዚህ ላይ ፓይተን ተነስቶ ይቆያል። በፋስት ኤፒአይ ወይም በፍላስክ (ሁለቱም የፓይተን ፍሬምወርክ ናቸው) የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም በራሱ ፖርት ላይ ይቀመጣል፤ ፒኤችፒ በኤችቲቲፒ ይጠይቀዋል። ሞዴሉ የሚጫነው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ መልሱ በሚሊ ሰከንድ ይመጣል።

ተጠቃሚው ስክሪኑ ላይ ለሚጠብቀው አጭር ሥራ ከዚህ የተሻለ የለም። ቀጣሪው ማስታወቂያውን ሲከፍት «ለዚህ ቦታ የሚቀርቡ 10 አመልካቾች» ብሎ ወዲያው ማሳየት ከተፈለገ የወረፋ ሰንጠረዥ አይሆንም። የትርጉም ቅርበት የሚያሰላ ሞዴል ተጭኖ መጠበቅ አለበት።

የሚጠይቀው ግን ብዙ ነው። ቪፒኤስ ያስፈልጋል። ሲወድቅ የሚያነሳው ጠባቂ ያስፈልጋል፤ የሊኑክሱ ሲስተምዲ ለዚህ ይበቃል። ሚሞሪ ያስፈልጋል፦ ሞዴሉ 500 ሜጋ ከሆነና አራት ሠራተኛ ፕሮሰስ ካስነሳችሁ እያንዳንዱ የራሱን ቅጂ ይይዛል፤ 2 ጊጋ ሄደ። ፋስት ኤፒአይ ላይ ደግሞ አሲንክ በተባለ ፈንክሽን ውስጥ ከባድ ስሌት ካስገባችሁ ያ ፕሮሰስ ሌላ ጥያቄ ሳይሰማ ይቆያል። በተራ ፈንክሽን ጻፉት፤ ፍሬምወርኩ ራሱ ወደ ሌላ ክር ይወስደዋል።

የጊዜ ገደብ እዚህም አለ። የላራቬል የኤችቲቲፒ መጠየቂያ በነባሪ 30 ሰከንድ ይጠብቃል። በፒኤችፒ ከርል በቀጥታ ከጠየቃችሁ ደግሞ ለምላሹ በነባሪ ገደብ የለውም። ሁለቱም ለገጽ አይሆኑም። 2 ወይም 3 ሰከንድ አድርጉትና መልስ ካልመጣ ገጹ ያለ ጥቆማው ይከፈት። ይህን ካላደረጋችሁ ፓይተኑ ሲያዛጋ ድረ ገጹ በሙሉ አብሮ ያዛጋል።

ደኅንነቱ ቀላል ነው፤ ግን ይረሳል። አገልግሎቱ 127.0.0.1 (ሰርቨሩ ራሱ ብቻ የሚደርስበት አድራሻ) ላይ ብቻ ይስማ። ሌላ ሰርቨር ላይ ከሆነ በፋየርዎል ይዘጋ፣ በመካከላቸውም የምስጢር ቁልፍ ይኑር። ለኢንተርኔት ክፍት የሆነ ሰነድ አንባቢ አግኝቶ በነጻ የማይጠቀም የለም።

ሌሎቹን በአጭሩ

በተለያየ ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞችን የሚያገናኙ ጂአርፒሲና ትሪፍት አሉ። ትሪፍትን የሠራው ፌስቡክ ነው። በፒኤችፒ የተጀመረ ድርጅት ውስጡ ብዙ ቋንቋ ሲበዛበት እንዲግባቡለት ሠራው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ከፈተው። የእናንተ ችግር የፌስቡክን ካላከለ እለፉት።

ፓይተንን ብራውዘር ውስጥ የሚያስኬድ ፓዮዳይድ የሚባል አለ። ሥራ ሳይጀምር በርካታ ሜጋ ባይት ያወርዳል። ተጠቃሚያችሁ በሞባይል ዳታ ጥቅል የሚኖር ከሆነ አታስቡት።

ሰነዱን ለውጭ ኤፒአይ (በኢንተርኔት ለሚሰጥ አገልግሎት) ልኮ ማስነበብም አማራጭ ነው፤ ጥራቱም ሊበልጥ ይችላል። በዶላር በየገጹ መክፈሉን ተዉትና የሰው ማስረጃ ከአገር እየወጣ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህን ከመወሰን በፊት አዋጁን የሚያነብ ሰው ማማከር ይገባል።

ጎን ለጎን ሲታዩ

| መስፈርት | በትእዛዝ መጥራት | የወረፋ ሰንጠረዥ | ራሱን የቻለ አገልግሎት |
|---|---|---|---|
| የሚመቸው ሥራ | አጭርና አልፎ አልፎ የሚመጣ | ረጅም፣ ተጠቃሚው የማይጠብቀው | አጭር፣ ተጠቃሚው የሚጠብቀው |
| መልስ የሚመጣበት ጊዜ | መነሻው ተጨምሮ ከሰከንድ በላይ ሊሄድ ይችላል | በክሮን እስከ አንድ ደቂቃና ከዚያ በላይ | ሚሊ ሰከንዶች |
| ሼርድ ሆስቲንግ | ብዙ ጊዜ ዝግ | ፓይተን ካለ ይሆናል | ብዙ ጊዜ አይፈቀድም |
| ሰው ሲበዛ | ሚሞሪ ያልቃል | ወረፋው ይረዝማል እንጂ አይወድቅም | ሠራተኛ ፕሮሰስ መጨመር ይጠይቃል |
| ፓይተን ሲወድቅ | ገጹ ስህተት ያሳያል | ሥራው ይጠብቃል | ባስቀመጣችሁት የጊዜ ገደብ ይወሰናል |
| የጥገና ሸክም | ቀላል፣ ግን ስህተቱ ስውር | መካከለኛ | ከባድ |
| ወጪ | ያለው ሰርቨር | ያለው ሰርቨር | ቪፒኤስና ተጨማሪ ሚሞሪ |

ለማን የትኛው?

ብቻውን ለሚሠራ ፍሪላንሰርና ሼርድ ሆስቲንግ ላላቸው ደንበኞቹ፦ መጀመሪያ ያለ ፓይተን ሞክሩት። ካልሆነ የወረፋ ሰንጠረዥ። ለደንበኛው አስረክባችሁ ስትወጡ የሚቆም ሰርቪስ ትታችሁ አትሂዱ፤ ሌሊት የሚደወለው ለእናንተ ነው።

አንድ ቪፒኤስና ሁለት ሦስት ፕሮግራመር ላለው ድርጅት፦ አሁንም የወረፋ ሰንጠረዥ፤ ሰው ሲበዛ ከሬዲስ ጋር። አገልግሎት የሚያስፈልገው ተጠቃሚው የሚጠብቀው ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማድረግ ይቻላል፤ በእኛ ምሳሌ ሰነዱ በወረፋ ይነበባል፣ ጥቆማው በአገልግሎት ይመጣል።

የፓይተን ቡድንና የፒኤችፒ ቡድን ለየብቻ ላለው ትልቅ ተቋም፦ አገልግሎት። ምክንያቱ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ሁለቱ ቡድኖች አንዱ የሌላውን ዳታቤዝ ሳይነካ መሥራት ስላለባቸው ነው።

ለውስጥ ሪፖርትና ለአንድ ጊዜ ሥራ፦ በትእዛዝ መጥራት ይበቃል። ከዚህ በላይ ጊዜ አታባክኑበት።

የትኛውንም ብትመርጡ መገናኛው ላይ የሚያጋጥማችሁ

ሁለቱም ቋንቋዎች በነባሪ አማርኛን ወደ ጄሰን ሲለውጡ እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር ኮድ ይጽፉታል። ሎጉን ስታዩ ጽሑፉ የተበላሸ ይመስላል። አልተበላሸም፤ ሲፈታ ይመለሳል። ግን በዩቲኤፍ-8 3 ባይት የሚፈጀው ፊደል 6 ባይት ይሆናል፣ ሎጉም አይነበብም። በሁለቱም በኩል ፊደሉ እንዳለ እንዲጻፍ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ክፈቱት።

ባዶ አሬይ ሌላው ነው። ፒኤችፒ ውስጥ ዝርዝርና መዝገብ አንድ ዓይነት ናቸው። ባዶ ሲሆን ፒኤችፒ እንደ ዝርዝር ይልከዋል። መዝገብ የጠበቀው ፓይተን ይወድቃል። ውሂብ ባለበት ጊዜ ሁሉ የሠራው ኮድ አንድ ተጠቃሚ ምንም ሳይሞላ ሲልክ ይሰበራል።

ገንዘብን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ላኩት። ቀንና ሰዓትን ደግሞ በጎርጎርዮስ አቆጣጠርና በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት)። ወደ ኢትዮጵያ ካላንደርና ወደ ሀገራችን ሰዓት አቆጣጠር መለወጥ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ለሰው በሚታየው ገጽ ብቻ ነው። አለዚያ ሁለቱም ቋንቋ ሊለውጠው ይችላልና ቀኑ ሁለት ጊዜ ተለውጦ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሄደ ማመልከቻ ታገኛላችሁ።

የፓይተኑን ዋና ሥራ ደግሞ ከመገናኛው ለዩት። የፋይል ቁጥር የሚቀበል፣ ጽሑፍ የሚመልስ አንድ ፈንክሽን ይሁን፤ ከዳታቤዝም ከኤችቲቲፒም ጋር ምንም ግንኙነት አይኑረው። ዛሬ ክሮን ይጠራዋል። ነገ ሥራው ሲበዛ ያንኑ ፈንክሽን ፋስት ኤፒአይ ይጠራዋል፤ ጥላውን የሚያነሳው ኮድ ሳይነካ የሚቀየረው የጠሪው ፋይል ብቻ ይሆናል።